«የሀገር ፊልም ሁሉም አንድ ነው» ላሉኝ ተማሪዎቼ ምን ላሳያቸው?

መምህር ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የክበቡ ልጆች ስለወደዱት ፊልም አንድ ገጽ እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። 23 ልጆች ናቸው። ስለ ሀገር ፊልም የጻፉት አራት ብቻ ሆኑ። የሌሎቹ ሁሉ የቱርክ፣ የኮሪያ፣ የህንድና የአሜሪካ ነው።

ለምን እንደሆነ ስጠይቅ አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የሀገር ፊልም እኮ ሁሉም አንድ ነው» አለች። ክፍሉ በጭብጨባ ደገፋት። ከዚያ እየተቀባበሉ ዘረዘሩልኝ። ሀብታም ልጅ አለ። ደሃ ልጅ አለች። ትልቅ ቪላ አለ። አንድ የሚያስቅ ጓደኛ አለ። ውሸት ይነገራል፣ ይጣላሉ፣ በመጨረሻ ይታረቃሉ።

አልተስማማሁም። «ተሳስታችኋል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አሳያችኋለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። ቤቴ ገብቼ ዝርዝር ልጽፍ ስቀመጥ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ። እኔ ራሴ ያየሁት ከየት እስከ የት ነው? «ጤዛ»ን አይቻለሁ። በሲዲ ዘመን ብዙ የፍቅር ፊልም አይቻለሁ። በመካከል ያለው ሰፊ ቦታ ባዶ ሆነብኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታሳይዋቸው ነበር? ምርጡን ሳይሆን የተለያየውን ነው የምፈልገው። ልዩነቱን በዓይናቸው እንዲያዩት።

---

ቀጥታ ልናገር

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ልጆቹ እውነት ነው የተናገሩት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲኒማ ቤት ገብቻለሁ። ከፍዬ ነው የገባሁት። ስወጣ ባለፈው ወር ያየሁት ፊልም ተዋናይ ተቀይሮለት የተደገመ ይመስለኝ ነበር። ፖስተሩ እንኳን ይመሳሰላል። ሦስት ፊት ጎን ለጎን፣ ነጭ ጀርባ፣ ቀይ ጽሑፍ።

በፌስቲቫል የታዩ ፊልሞችን እየጠራችሁ «ይኸው ብዝኃነት» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሕዝቡ ያላየው ፊልም ግን የሕዝቡ ሲኒማ ነው ማለት ይከብደኛል። ልጆቹ የፈረዱት በቀረበላቸው ነው። ያልቀረበላቸውን እንዲያውቁ መጠበቅ ልክ አይደለም።

---

የራስ ሲኒማው

ልጄ መምህር፣ ከሥሩ ጀምርላቸው። እኔ ያደግሁት አዲስ ከተማ፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ ነው። የፊልም ፍቅሬም እዚያው ነው የተጀመረው።

መጀመሪያ ስሙን ንገራቸው። አዲስ አበባ ላይ ተንቀሳቃሽ ምስል ማሳየት ሲጀመር ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ነው ያለው። ግድግዳ ላይ ሰው ሲሄድ፣ ፈረስ ሲጋልብ አይቶ ሌላ ምን ይበል? በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደግሞ ሲኒማ ቤቶች ተሠሩ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሕንጻ ጅማሬው ሲኒማ ማርኮኒ ነበር። የምናየው ሁሉ ግን የሰው ሀገር ፊልም ነበር።

የራሳችን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» ነው። በ1957 ዓ.ም.፣ ጥቁርና ነጭ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ። ጽሑፉ የኢላላ ኢብሳ፣ ዝግጅቱ የላምብሮስ ጆካሪስ። ቀጥሎ በ1960ዎቹ አጋማሽ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» መጣ። ስለ ደም መመለስ ነው። ሁለቱን ብቻ ጎን ለጎን ብታስቀምጥ ልዩነቱ ይታያል። አንዱ የከተማ ሴት ሕይወት ነው። ሌላው በገጠር ስለሚወርድ የበቀል ሸክም ነው። ገና በሁለተኛው ፊልም ከተማና ገጠር ተገናኙ ማለት ነው። የዛሬው ጉማ የፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚሁ ፊልም ነው።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰ። በ1978 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ብዙ ሰው ኮርፖሬሽኑ የሠራው ፕሮፓጋንዳ ብቻ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የብርሃኑ ሽብሩ «በሕይወት ዙሪያ» አለ። የሰለሞን በቀለ ወያ «አስቴር» አለ። «አስቴር»ን ያየሁት ከባለቤቴ ጋር ገና ሳንጋባ ነው። በአማርኛ የሚያወራ ሰው በዚያ ትልቅ ነጭ መጋረጃ ላይ ስታይ ያለው ስሜት ልዩ ነበር። ከእንግሊዝኛና ከህንድኛ ፊልም በኋላ የራስህን ቋንቋ በዚያ ግዝፈት መስማት! ጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ለተዋናይዋ ምክር ሲሰጡ ነበር። አዳራሹ ዝም ብሎ አዳመጣቸው።

ኮርፖሬሽኑ በ1991 ዓ.ም. ተዘጋ። የፊልም ጥቅሎቹ ነገር ዛሬም ያሳስበኛል።

---

መምህር ከደሴ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። «ሂሩት»ን ልጆቹ የሚያዩበት መንገድ ይኖራል?

---

የራስ ሲኒማው

ልጄ፣ እኔ ያየሁት አንዴ ነው፣ በልጅነቴ። ፎቶዎቹን ግን በድሮ መጽሔትና በኢንተርኔት ታገኛለህ። አንድ ፎቶ አትመህ ሰሌዳ ላይ ለጥፍላቸው። ከዚያ ስለ ምን ይመስላችኋል ብለህ ጠይቅ። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

---

ጆርጂያ አቬኑ

ሰላም ከዋሽንግተን ዲሲ። የፊልም አዘጋጁን የኃይሌ ገሪማን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለችው የእነ ኃይሌ መጻሕፍትና ፊልም ቤት፣ «ሳንኮፋ»፣ ለብዙዎቻችን እንደ እድር ቤት ናት። ልጆቼን የሀገራቸውን ፊልም ያስተዋወቅኋቸው እዚያ ነው።

መምህር፣ «ምርት 3000 ዓመት»ን አሳያቸው። በ1968 ዓ.ም. የወጣ ነው። ኃይሌ ያኔ በሎስ አንጀለስ ተማሪ ነበር። አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን ሀገር ቤት ገብቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀረጸው። ቀለም የለውም። ሩጫ የለውም። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ከንጋት እስከ ምሽት ለባለርስት ይለፋል። ባለርስቱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጮኻል። «እብድ» የተባለው ከበበ ደግሞ ማንም የማይናገረውን እውነት ይናገራል።

ልጆቹ መጀመሪያ ይሰለቻሉ። ይሰልቹ። ካሜራው ከሩቅ የሚሄድን አንድ ሰው ረጅም ጊዜ ያየዋል። ያ ርዝመት የገበሬው ቀን ርዝመት ነው። ይሄን ካስተዋሉ ፊልም በፍጥነት ብቻ እንደማይነገር ይገባቸዋል።

ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው። አባቱ ገሪማ ታፈረ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። በልጅነቱ ጎንደር ሲኒማ ቤት ታርዛንን ሲያይ ለታርዛን ያጨበጭብ እንደነበር፣ አፍሪካውያኑን እንደ ጠላት ያይ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። የሕይወቱን ሥራ ከዚህ ተነስታችሁ ተመልከቱት። «ሳንኮፋ» ስለ ባርነት። «አድዋ» ስለ ድሉ። «ጤዛ» ስለተመለሰ ምሁር። ካሜራውን ወደ ሌላኛው ጎን አዞረው።

«ጤዛ» በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋ ወርቃማ ፈረስን፣ አግኝቷል። ለመሥራት የወሰደው ዓመታት ነው። ገንዘብ ፍለጋው ብቻ አንድ ዕድሜ በላ።

---

ኤዲተር ነኝ

ወንድሜ «ቀጥታ ልናገር» ልክ ነህ። ግን ጥፋቱ ወዴት እንዳለ ልንገርህ። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ነኝ። ፊልም እቆርጣለሁ፣ ድምጽ አስተካክላለሁ። ስሜ ይቅር።

ድሮ በሴሉሎይድ ሲሠራ አንድ ጥቅል ፊልም ውድ ነው። አጥቦ ለማውጣትም ውጭ ሀገር መላክ አለበት። ስለዚህ በዓመት ይቅርና በአምስት ዓመትም አንድ ፊልም መሥራት ጀግንነት ነበር። ከዚያ የቪዲዮ ካሜራ መጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሄለን ታደሰ «የበረዶ ዘመን» እና የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ወጡ። በቪዲዮ የተቀረጸ ፊልም በሲኒማ ቤት በፕሮጀክተር ታየ። ሕዝቡ ተሰለፈ። ሰልፉን ያየ ሁሉ ካሜራ ገዛ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መንግሥትን ደጅ ሳይጠና፣ የውጭ ድጎማ ሳይጠብቅ፣ ተመልካች ትኬት ገዝቶ ያቆመው ኢንዱስትሪ ነው።

ታዲያ ለምን ተመሳሰለ? ስሌቱ ነው ያመሳሰለው። ፕሮዲዩሰሩ ብዙ ጊዜ የገዛ ገንዘቡን ወይም ብድር ነው የሚያወጣው። ገንዘቡ የሚመለሰው ፊልሙ ከተመረቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ከትኬቱ ላይ ለሲኒማ ቤቱ ይከፈላል፣ ግብር ይከፈላል። ሲዲ ላይ የነበረውን ተስፋ ኮፒ አጠፋው። ስለዚህ የሚታወቅ ፊት ያስፈልጋል። አንድ ቪላ ተከራይተህ ሳሎኑንም፣ ቢሮውንም፣ ሆስፒታሉንም እዚያው ትቀርጻለህ። የዛሬ ዘመን ፍቅር ልብስ አያሰፋህም። የታሪክ ፊልም ግን ፈረስ ይፈልጋል፣ የዘመኑን ልብስ ይፈልጋል፣ የመብራት ምሰሶ የሌለበት ሜዳ ይፈልጋል።

አንድ ጊዜ በጣም ጥሩ ስክሪፕት እጄ ገባ። ስለ ጨው ነጋዴዎች ነው። ሁላችንም ወደድነው። ባለገንዘቡ አነበበና «ፍቅሩን አብዙት፣ በረሃውን ቀንሱት» አለን። ቀነስነው። እንደገና «ከተማ ይሁን» አለን። መጨረሻ ላይ ጨው ነጋዴው ቦሌ ላይ ካፌ ያለው ወጣት ሆነ። ያንን ፊልም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በ2008 ዓ.ም. ካና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ይዞ ሲመጣ ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ተቃወሙ። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ቆም ብዬ አየሁ። ተመልካቹ ቤቱ ተቀምጦ የተሻለ ምስልና የተሻለ ድምጽ አገኘ። ከዚያ በኋላ ለእኛ ማማረር ብቻ አልበቃም። አሁን ብዙ ሰው ወደ ተከታታይ ድራማና ወደ ዩቲዩብ ሄዷል። አቦል ቻናል ከመጣ ወዲህ ለቴሌቪዥን መሥራት የቋሚ ሥራ መልክ እየያዘ ነው። ረጅም ፊልም ግን ቀዝቅዟል።

---

ቀጥታ ልናገር

ይሄን በግልጽ ስለነገርከን አመሰግናለሁ። የጨው ነጋዴው ነገር ልቤን ነካው። እኔ ያኔ ትኬት ገዝቼ የተናደድኩበት ፊልም ይሆናል። ከኋላው እንዲህ ያለ ታሪክ እንዳለ አላውቅም ነበር።

---

ማራኪ

እኔ ደግሞ ለፍቅር ፊልሞቹ ልከራከርላቸው። ሁላችሁም አንድ ዓይነት ናቸው እያላችሁ ነው የምታልፏቸው። ተመልካቹ ግን ይለያቸዋል። ትኬት ሻጯን «ምን ዓይነት ነው?» ብለህ ስትጠይቅ መልሷ ግልጽ ነው። «የፍቅር ፊልም» ስትልህ መሐረብ ይዘህ ትገባለህ። «አስቂኝ የፍቅር» ስትልህ ጓደኛህን ትጠራለህ። «የቤተሰብ» ካለችህ እናትህን ትወስዳለህ። «ልብ አንጠልጣይ» ካለች ዘግይተህ አትገባም። እነዚህን ስሞች የሰጠው ሕዝቡና ፊልም ሠሪው ነው። ከውጭ የተቀዱ አይደሉም።

ኮሜዲው ራሱ መነሻ አለው። ሚሊኒየሙን ልናከብር አካባቢ የሄኖክ አየለ «የወንዶች ጉዳይ» ወጣ። ከዚያ በፊት ሲኒማ ቤት የሚያስለቅስ ነበር የሚበዛው። «የወንዶች ጉዳይ» ሰው አሳቀ፣ ሁሉም ተከተለው። በዚያው ሰሞን ይድነቃቸው ሹመቴ «ስርየት»ን ሠራ። ጭራሽ ሌላ መንፈስ ነው። በኋላ «ንሻን»ን ጨመረ። የአብርሃም ገዛኸኝን «ሎሚ ሽታ»ም አትርሱ። አንድ ከተማ፣ አንድ ዘመን፣ ተቀራራቢ በጀት። ፊልሞቹ ግን አይመሳሰሉም።

ሌላ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ሴቶቹ። ሄለን ታደሰን ኤዲተሩ ጠርቷታል፣ ተባረክ። ቅድስት ይልማ «ረቡኒ»ን ጻፈች፣ አዘጋጀች። ሄርሞን ኃይላይ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ»ን ሠራች። የታክሲ ሹፌርና የአንዲት ሴተኛ አዳሪ ታሪክ ነው። የአዲስ አበባን መንገድ በታክሲ መስታወት አሳየችን። ቪላ የለም። ውጭ ሀገር ሴት ዳይሬክተር ማግኘት እንደ ብርቅ በሚወራበት ዘመን እኛ ጋ የቪዲዮው ፊልም ሲጀመር ጀምሮ ሴቶች ወንበሩ ላይ ነበሩ። መምህር፣ ይህንን ለዚያች እጇን ላወጣችው ልጅ ንገራት።

---

ጁገል

ከሐረር ነኝ። ውይይታችሁ ደስ ብሎኛል፣ አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ። እስካሁን የተጠሩት ፊልሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም የአማርኛ ናቸው። ሀገሩ ከሰማንያ በላይ ቋንቋ አለው። በአፋን ኦሮሞ ስንት ፊልም ተሠርቷል። በትግርኛም እንዲሁ። በሠርግ ቤት፣ በሱቅ፣ በስልክ ተቀባብለን ያየናቸው ናቸው። የፊልም ታሪክ ሲጻፍ ግን ሲኒማ ቤት ያልገባ አይቆጠርም።

አንድ ፊልም ልጥቀስላችሁ። የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ»። በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ታየ፣ በስዊዘርላንዱ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል በኒዮን ዋናውን ሽልማት ወሰደ። ስለ ሐረርና ስለ ጫት ነው። ጄሲካ ያደገችው እዚሁ ነው፣ በደርግ ዘመን ከቤተሰቧ ጋር ወጣች። ፊልሙ ውስጥ ኦሮምኛ አለ፣ ሐረሪ አለ፣ አማርኛ አለ። ልክ እንደ ከተማችን። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ጫት ጉዳት አያስተምርም። ጭስ አለ፣ ጸሎት አለ፣ ገበሬ ሲለቅም አለ፣ ባሕር ሊሻገር የሚያስብ ልጅ አለ። ጥቁርና ነጭ ነው።

ሳየው አያቴ የምትቀመጥበት መደብ ትዝ አለኝ። የእጣኑ ጭስ በጸሐይ ጨረር ውስጥ ሲያልፍ ልጅ ሆኜ የማየው ነበር። ሌላ ሰውም አይቶታል ለካ። የከተማዬን ዝምታ በፊልም ያየሁት ያኔ ነው።

---

ቀጥታ ልናገር

ጁገል፣ ቋንቋውን በተመለከተ ልክ ነህ። አፌን ዘጋህ።

አንድ ጥያቄ ግን በቅንነት ልጠይቅ። «ፋያ ዳዪ»ን የሠራችው ውጭ የምትኖር ናት። «ክራምብስ» የሚባለውን የስፔን ሰው ነው ያዘጋጀው። የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» የአውሮፓ ገንዘብ ነው የደገፈው። እነዚህን የኢትዮጵያ ሲኒማ የሚያሰኛቸው ምንድን ነው? እዚህ የተቀረጸ ሁሉ የኛ ከሆነማ በ1960ዎቹ እዚህ የተቀረጸው የአሜሪካው «ሻፍት ኢን አፍሪካ»ም ሊቆጠር ነው። ደበበ እሸቱ እንኳን ተውኖበታል።

---

የራስ ሲኒማው

ጥያቄህ ጥሩ ነው ልጄ። መልሱ ግን መጀመሪያው ላይ አለ። የ«ሂሩት»ም የ«ጉማ»ም አዘጋጆች የግሪክ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በአዘጋጁ ደም ከለካን የመጀመሪያ ሁለቱን ፊልሞቻችንን አጣን ማለት ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ታሪኩ የሚያወራው ከማን ጋር ነው? «ሻፍት» የሚያወራው ከአሜሪካ ተመልካች ጋር ነው፣ እኛ ጀርባ ላይ የቆምን መልክዓ ምድር ነን። «ላምብ» ውስጥ ግን ያ ትንሽ ልጅ ኤፍሬም በጉን ለበዓል እንዳያርዱበት ሲጨነቅ፣ ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ሲወጣ፣ «ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ምን ይሠራል» ሲባል እያንዳንዱን ነገር ያለ አስተርጓሚ እናውቀዋለን። የዳስ ሽታው ይመጣብናል። ፊልሙ በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ሲገባ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነበር። ያ ቀን ለእኔ የደስታ ቀን ነው።

---

ኤዲተር ነኝ

«ክራምብስ»ን ስለጠራኸው፣ መምህር፣ ይህን ፊልም ለልጆቹ ሳታሳይ እንዳትቀር። ሚጌል ላንሶ ነው አዘጋጁ። ተዋናዩ ዳንኤል ታደሰ ነው። ዓለም ካለቀች በኋላ ነው ታሪኩ። ሰማይ ላይ የቆመ መንኮራኩር አለ። የልጅ መጫወቻ ፕላስቲክ እንደ ቅርስ ይሸጣል። ዳሎል የሚታየው እንደ ሌላ ፕላኔት ነው። የሚያወሩት አማርኛ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳየው ሥራዬን የጀመርኩበት ቀን ስሜት ተመለሰልኝ። እዚህ አፈር ላይ እንዲህም ይቻላል ለካ አልኩ።

---

ጆርጂያ አቬኑ

መምህር፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ልዩነት ለማሳየት የተለያየ ታሪክ መፈለግ የለብህም። አንድ ታሪክ ውሰድና ስንት ሰው እንዴት እንደነገረው አሳያቸው። ቀይ ሽብርን ውሰድ።

ሳሌም መኩሪያ «የወንዝ ማዕበል»ን ሠራች። ዘጋቢ ፊልም ነው። ወንድሟን ያጣችበትን ዘመን በራሷ ድምጽ ትጠይቃለች። ቴዎድሮስ ተሾመ ያንኑ ዘመን «ቀይ ስህተት» ብሎ ለሲኒማ ቤት ሰልፈኛ ሠራው። ታማራ ዳዊት በ«ፋይንዲንግ ሳሊ» በልጅነቷ ስሟ ያልተነሳላትን አክስቷን ፍለጋ ከካናዳ መጣች። ኃይሌ ደግሞ በ«ጤዛ» አንበርብር የሚባል አንድ እግሩን ያጣ ምሁር ጣና ዳር እናቱ ቤት መለሰውና ትዝታውን ቁርጥራጭ አድርጎ ሰጠን።

አራቱም ስለ አንድ ዘመን ናቸው። አንዷ እህት ናት። አንዱ ለሰፊው ሕዝብ ይናገራል። አንዷ ካለፈው ትውልድ ዝምታ ጋር ትታገላለች። አንዱ የራሱን ትውልድ ይወቅሳል፣ ያዝናል። እኔ ከአባቴ ጋር ስለዚያ ዘመን አውርቼ አላውቅም ነበር። «ጤዛ»ን አብረን አይተን ስንወጣ መኪና ውስጥ ማውራት ጀመረ። ቤት ደርሰን ሞተሩ ጠፍቶ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ስለ ጓደኞቹ ስም በስም ነገረኝ።

---

ማራኪ

እህቴ ከዲሲ፣ እንባዬን አመጣሽው።

እኔም አንድ ነገር ልጨምር፣ ዛሬ ጠዋት ሳስበው ነው የመጣልኝ። የመጀመሪያው ፊልማችን ሴት ልጅ ሂሩት ናት። በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የተመልካች ሽልማት ያገኘው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ውስጥ ያለችው ታዳጊም ሂሩት ናት። በእውነተኛ የጠለፋ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ትገድላለች፣ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ትከራከርላታለች። በመካከላቸው ሃምሳ ዓመት ገደማ አለ። የመጀመሪያዋን ሂሩት ርዕሱ አባቷ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለተኛዋን ግን ማንም ስለ አባቷ አይጠይቃትም። የሚጠየቀው የራሷ መብት ነው።

«ድፍረት» አዲስ አበባ ሊመረቅ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ እንደቆመም ታስታውሳላችሁ። ሰው ለብሶ፣ ተቀምጦ እየጠበቀ ነበር። ሀገሩ ላይ የመጀመሪያዋ ምሽት እንደዚያ አለፈች።

---

መምህር ከደሴ

ቅዳሜ አለፈ። ሪፖርት ላቅርብ።

ሙሉ ፊልም ለማሳየት ሰዓቱም መሣሪያውም አልበቃንም። የማሳየት ፈቃድም ጉዳይ አለ። ስለዚህ ማስታወቂያዎቹንና ፎቶዎቹን ብቻ በአንድ ላፕቶፕ አሳየኋቸው። ጋሼ እንዳሉት «ሂሩት»ን በፎቶ ጀመርኩ። ከዚያ «ምርት 3000 ዓመት»፣ «የወንዶች ጉዳይ»፣ «ላምብ»፣ «ፋያ ዳዪ»። «ክራምብስ» ላይ ሲደርሱ ሁለት ልጆች «ይሄ የኛ አይደለም» ብለው ተከራከሩ። ዳንኤል ታደሰ በአማርኛ ሲናገር ነው ዝም ያሉት።

መጨረሻ ያደረግኩት የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» ነው። እዚህ ማንም ስላልጠራው ልንገራችሁ። ታሪኩ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ነው። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ አንድ ላይ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይጓዙ ነበር። የሚጣሉ ሁለት ሰዎች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ።

ማስታወቂያውን ስጨርስ ቆም አደረግሁት። «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው ስንል ምን ማለታችን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። በደንብ ማየት ነው አሉ። «የአልጋ ቁራኛ ሆነ ስንልስ?» ታሞ መተኛት አሉ። ከዚያ የታሰሩትን ሁለት ሰዎች እንደገና አሳየኋቸው። ኋላ ወንበር ላይ ያለ ልጅ «እንዴ! አልጋው ጋር ታስሯል ማለት ነው?» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በአንድ ድምጽ «አሃ!» አለ። አሥራ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። አንድ ቃል እንደዚያ ሲበራላቸው አይቼ አላውቅም።

ያቺ እጇን ያወጣችው ልጅ ደወል ከተደወለ በኋላ ቀረች። ሁሉም አንድ ነው ማለቷን አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁባትም። «ቲቸር፣ ይሄን ሙሉውን የት ነው የማየው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ደሴ ሆና፣ በሕጋዊ መንገድ፣ በተማሪ አቅም ይህን ፊልም የምታይበትን መንገድ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ሰኞ እነግርሻለሁ ብያታለሁ።

---

ኤዲተር ነኝ

መምህር፣ እስከ ሰኞ አትጠብቅ። ዛሬውኑ ሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎችን እየደወልኩ እጠይቃለሁ። የክበቡን ስምና የተማሪዎቹን ብዛት በውስጥ መልእክት ላክልኝ።